ድምፅ የማያፈስ ማዳመጫ

ጉግሳ በባቡር ጥገና ክፍል ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ ብረት ሲቀጠቅጥ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ ይዞት የመጣው አንድ ሬዲዮና አንድ ጆሮ ነው እያለች ሚስቱ አስካለማርያም ትቀልድበት ነበር። ሬዲዮኑን የሰጡት የሥራ ጓደኞቹ ናቸው፤ በስንብቱ ዕለት አዋጥተው። የቀረለት ጆሮ ቀኙ ነው፤ እሱም ቢሆን የሚሰማው ሲጮኹለት ብቻ ነው። ግራው ከመዶሻው ጋር እዚያው ቀርቷል።

የሚኖሩት ድሬዳዋ፣ ለገሃር አካባቢ፣ ብዙ ቤተሰብ በሚጋራው ግቢ ውስጥ ነበር። ቤቶቹ በአንድ ቆርቆሮ ጣራ ሥር የተደረደሩ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ግድግዳ ጣራው ድረስ ስለማይደርስ አንዱ ሲያስነጥስ ጎረቤቱ ከወዲያ ማዶ "ይማርህ" ይለዋል። በሙቀቱ ወራት ያቺም ግድግዳ ዋጋ የላትም። ፀሐይ ዘወር ስትል ሁሉም አልጋውን ጎትቶ ግቢ ያወጣና አየር ለማግኘት ደጅ ያድራል። ሚስጥር ያለው ሰው እዚያ ግቢ ውስጥ ብዙ አይቆይም ነበር።

ልጃቸው ዘገዬ ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ወደ ሰሜን ሄዷል። መጀመሪያ ላይ ይጽፍላቸው ነበር። ከ1980 መጋቢት ወዲህ ግን ወሬው ጠፋ። ቀበሌ ሄደው ቢጠይቁ "ግዳጅ ላይ ነው" ተባሉ። ከርመው ቢጠይቁም መልሱ ያው ነው። በመጨረሻ አስካለማርያም ብቻዋን ሄደች። ጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠው ሰውዬ ቀና ብሎ አያትና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እናቴ፣ አሁን ባይጠይቁ ይሻላል" አላት። በክፋት አልነበረም። እንደውም ያዘነላት ይመስል ነበር፤ እሷን ያስፈራትም ይኸው ማዘኑ ነው። ከዚያ ወዲህ እግሯ ወደዚያ አልሄደም።

በዓመቱ፣ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ፣ አንዲት በመልክ ብቻ የምታውቃት ሴት አጠገቧ መጥታ መራመድ ጀመረች።

"ልጅሽ ሰሜን ነው አይደል?" አለቻት፤ ፊቷን ወደ እሷ ሳታዞር። "ያኛው ወገን ሬዲዮ አለው። ጀምበር ስትጠልቅ የተማረኩት ልጆች ራሳቸው ይናገራሉ። ስማቸውን፣ አገራቸውን። እኛ የእህቴን ልጅ ሰምተነዋል።"

አስካለማርያም ቆም ብላ ልትጠይቃት ስትል ሴትዮዋ ነጠላዋን አስተካክላ ከሕዝቡ ጋር ተቀላቀለች።

የዚያኑ ዕለት ማታ ጉግሳ በሩን ዘግቶ ጣቢያውን መፈለግ ያዘ። ሲያገኘው ጆሮውን ሬዲዮኑ ላይ ለጠፈ፤ ምንም አልሰማ አለው። ከፍ አደረገው። አሁንም ጨመረ። የተናጋሪው ድምፅ ቁምሳጥኑን እስኪያነዝረው ድረስ ሲጮኽ አስካለማርያም ዘልላ ማጥፊያውን ተጫነች።

"ልታስበላን ነው እንዴ?" አለችው በጆሮው።

"ምን አልሽ?" አለ ጉግሳ፤ እሱም ጮኾ።

እሷ ልስማው ብላ ዝቅ አድርጋ ሞከረች። ችግሩ ግን የጎረቤታቸው የበለጠች ሬዲዮ ነበር። በለጠች ከግድግዳው ወዲያ ብቻዋን የምትኖር፣ በቀበሌው የሴቶች ማኅበር ውስጥ የምትሠራ፣ ግቢው ሁሉ ስትገባና ስትወጣ ወሬውን የሚያቋርጥላት ሴት ነች። ሰሞኑን ደግሞ ልክ ጀምበር ስትጠልቅ የራሷን ሬዲዮ እስከ ጫፍ ትከፍተው ጀመር። ማርሹ፣ ዘፈኑ፣ የምርት ዘመቻው ዜና በግድግዳው ላይ ዘሎ ይመጣና የአስካለማርያምን ሬዲዮ ይውጠዋል። ለአስካለማርያም ጎረቤቷ የሆነ ነገር የጠረጠረች መሰላት። ሆን ብላ የምታናድዳቸውም መሰላት። ሁለቱም ይቻላል።

ሬዲዮኑ ጎን ላይ ለማዳመጫ የተሠራች ቀዳዳ እንዳለች ያስታወሰችው አቧራውን ስትጠርግ ነው። የከዚራ ሰፈር ጎረምሶች ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ አድርገው በዛፎቹ ጥላ ሥር ሲንጎራደዱ አይታለች። በማግሥቱ ለፍራሽ ብላ ካስቀመጠችው ገንዘብ ላይ ቀንሳ ታይዋን የሚሉት ገበያ ሄደች። ጉግሳን አላስከተለችውም። ገበያ መሐል ቆሞ "ለዚያ ለሬዲዮው እኮ ነው!" ብሎ እንደሚጮኽ ታውቃለች።

ሃሊሞን ያገኘቻት እዚያ ነው። ሃሊሞ ሱቅ የላትም፤ ያላት አንድ ረጅም ጠረጴዛና ከላዩ የተወጠረ ሸራ ነው። ሰዓት፣ ሽቶ፣ ቴፕ፣ የሴት ጫማ፣ ሁሉንም ትሸጣለች። ዕቃው ከጅቡቲ በባቡር ነው የሚመጣው፤ እንዴት አድርጎ እንደሚመጣ የሚጠይቃት የለም። ሴቱን ሁሉ በሶማሊኛ "አባዮ" ነው የምትለው፤ እህቴ ማለቷ ነው።

"ማዳመጫ? ለማን ነው አባዮ? ለልጅ?"

"ለባለቤቴ።"

"ዘፈን ይወዳል?"

"ቅዳሴ ነው የሚሰማው" አለች አስካለማርያም፤ ሌላ ውሸት አልመጣላትም።

"ቅዳሴ።" ሃሊሞ ፈገግም አላለች። "እሺ። ርካሽ ከፈለግሽ ይቺ አለች።"

የሰጠቻት ከቀጭን ሽቦ የተሠራች፣ ጫፍና ጫፏ ላይ ብርቱካንማ ስፖንጅ ያላት ማዳመጫ ነበረች። ከመርፌ ሳጥን አትከብድም። አስካለማርያም ደስ ብሏት ነጠላዋ ውስጥ ሸጉጣ ይዛት ሄደች።

ማታ ሲሞክሩት ሌላ ጣጣ ሆነ። ሽቦዋ የጉግሳ ራስ ላይ አልረጋ አለች፤ ጎንበስ ሲል በግንባሩ፣ ቀና ሲል በማጅራቱ ትንሸራተታለች። እንዲሰማው ድምፁን ሲጨምር ደግሞ በስፖንጁ ውስጥ ሾልኮ ወጣ። አስካለማርያም በሩ ጋ ሄዳ ቆመች፤ ተሰማት። መስኮቱ ጋ ሄደች፤ እዚያም ተሰማት። ቀጭን ሆኖ፣ ቆርቆሮ ላይ እንደሚሄድ ነፍሳት፣ ግን ቃሉ እንኳ ሳይቀር ይለያል። ጣራ የማይደርሰው ግድግዳ ይህን ጭራሽ አይመልሰውም።

በማግሥቱ ማዳመጫዋን መልሳ ሃሊሞ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠቻት።

"ይቺ ታፈሳለች።"

"ምን ታፈሳለች?"

"ድምፅ። አጠገቡ ያለ ሰው ይሰማል።"

"ቢሰማስ አባዮ? ቅዳሴ አይደለም እንዴ?"

አስካለማርያም ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ሰዓቶች ታይ ጀመር፤ ሁሉም የተለያየ ሰዓት ነው የሚሉት። ሃሊሞ ግራና ቀኟን ቃኘት አደረገች፤ በወዲህ በኩል አንድ ሰውዬ ጫማ እየለካ ነው፤ አልሰማቸውም።

"እህቴ ሐርጌሳ ነበረች" አለች በቀስታ። "ከተማው ከተመታ ጀምሮ የት እንደደረሰች አናውቅም። እኔም ማታ ማታ ቅዳሴ እሰማለሁ።"

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ሃሊሞ ጎንበስ ብላ ከጠረጴዛው ሥር የካርቶን ሳጥን ሳበች።

"ጆሮው እንዴት ነው?"

"ግራው ሞቷል። ቀኙ ጩኹልኝ ይላል። መነጽር ያደርጋል። ራሱ ትልቅ ነው፤ ያውም መላጣ። ሙቀትም አይችልም።"

"ይኼ ሁሉ በአንድ ሰው ላይ?" አለች ሃሊሞ፤ ሳቀች። "እሺ፤ ስፖንጅ ተዪ። ለአንቺ የሚሆነው ጀርባው ድፍን የሆነ ነው። ጆሮውን እንደ ክዳን የሚገጥም። ውስጡ ያለው ውስጥ ይቀራል፤ የውጭውም አይገባም።"

መጀመሪያ ያወጣችው የአውሮፕላን ነጂ የሚያደርገውን የሚመስል ትልቅ ነገር ነበር። ድምፅ የሚባል አያፈስም። ሲይዙት ግን እንደ ድስት ይከብዳል፤ የገመዱ ጫፍ ብረትም ወፍራም ስለሆነ የእነሱ ሬዲዮ ቀዳዳ ውስጥ አይገባም። ሁለተኛው ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፤ ጀርባው ድፍን ነው፣ ብረቱም ልክ ነው። አስካለማርያም በጉያዋ ይዛ የመጣችውን የጉግሳን የድሮ መነጽር አውጥታ አጠለቀችና ማዳመጫውን በላዩ ደፋችው። ብዙም ሳትቆይ የመነጽሩ እጀታ ከጆሮዋ በላይ ያለውን አጥንት ሊሰብረው ደረሰ።

"ይኼማ ጆሮ ያኝካል" አለች፤ አውልቃ ሰጠቻት። "እሱ ሙሉውን ሰዓት አድርጎት ነው የሚቀመጠው።"

ሦስተኛው ያገለገለ ነበር። አንድ መርከበኛ ጅቡቲ ላይ የሸጠው ነው አለች ሃሊሞ። ጥቁር ነው፤ ጆሮ ላይ የሚያርፈው በኩል እንደ ትንሽ ትራስ ያበጠ ቆዳ መሳይ አለበት፤ በአንደኛው ጎን ቆዳው መላላጥ ጀምሯል። መሐሉ ላይ ታጥፎ እንደ እንቁላል ይሰበሰባል፤ ጉያ ውስጥ ይገባል። አስካለማርያም ከነመነጽሩ አጠለቀችው። ትራሱ የመነጽሩን እጀታ ዋጥ አድርጎ ዝም አለ። ምንም የሚቆነጥጥ ነገር የለም።

"ይቆይብሽ፤ ቶሎ አታውልቂው" አለች ሃሊሞ። "ጫማና ማዳመጫ ቆመሽ ከቆየሽ በኋላ ነው የሚታወቀው።" ገመዱን አንድ ትንሽ ቴፕ ላይ ሰካችና ዘፈን ከፈተችላት።

አስካለማርያም ቆመች። በጉግሳ ወፍራም መነጽር ውስጥ ገበያው ሁሉ ቀልጦ የፈሰሰ ቀለም ሆኗል፤ ጆሮዋ ውስጥ ደግሞ አንድ ሰው ዑድ ይመታል፤ ጣቱ ክሩን ሲነካ ሳይቀር ይሰማታል። እንዲህ ያለ ነገር ሰምታ አታውቅም። ዓይኗን ጨፈነች።

ከዚያ አንድ እጅ ነጠላዋን ከራሷ በላይ ስቦ ሸፈናትና ከኋላ ገፋት። ሃሊሞ ድምፅ ማፍሰሱን እየፈተነች መሰላት። ዑዱ ግን ቀጥ አለ፤ ገመዱ ተነቅሏል። እንደገና ተገፋች። ዓይኗን ስትከፍት ሁሉም ቀለም በአንድ አቅጣጫ ይሮጣል። አብራ ተራመደች፤ ሌላ ምን ታደርግ? የሚያስቆማት ሰው አልነበረም፤ ቢኖርም አልሰማችውም።

መነጽሩን ያወለቀችው የደቻቱ ደረቅ ወንዝ አሸዋ ጋ ስትደርስ ነው። ማዳመጫው ከነጠላዋ ሥር ራሷ ላይ እንዳለ ነው፤ ገመዱ በቀሚሷ ላይ ተንጠልጥሏል። አውልቃ ስትሰማ ከኋላዋ ፉጨትና የሴቶች ጩኸት አለ። "ፊናንስ ነው! ፊናንስ!" ይላል ሰው እየሮጠ፤ ኮንትሮባንድ የሚይዙት ናቸው። ከአንድ ግራር ጥላ ሥር ተቀመጠች። ወደ ቤቷ የሚወስደው መንገድ ፊት ለፊቷ ነው። ማዳመጫው ጉያዋ ውስጥ ነው። ላቧ እስኪደርቅ ቆየችና ተነስታ ወደ ታይዋን ተመለሰች።

ሃሊሞ ባዶ ጠረጴዛ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ሸራው ተቀዶ ወርዷል። አስካለማርያምን ስታይ አፏን በእጇ ሸፈነች፤ ማልቀሷ መስሎ ነበር፤ እየሳቀች ነው።

"ወላሂ አንቺ ሴትዮ! ዛሬ ያልወሰዱብኝ አንቺ ራስ ላይ የነበረውን ብቻ ነው።"

"ይቅር በይኝ፣ ሳላውቅ ነው የሄድኩት። እንኪ።"

"ፉጨቱን አልሰማሽም?"

"አልሰማሁም።"

"እኔ አጠገብሽ ሆኜ 'ሩጪ፣ ሩጪ' እያልኩ ስጮኽስ?"

"ዘፈኑን ብቻ ነው የሰማሁት።"

ሃሊሞ ማዳመጫውን ተቀብላ፣ አጥፋ፣ ዘርግታ መልሳ አየችው። "እንግዲያው ጥሩ ዕቃ ነው" አለች። ከዚያ ዋጋ ስትጠየቅ የያዝሽውን ስጪኝ አለች፤ ከተሰጣትም ላይ ቀንሳ፣ "ይኼ ለባትሪ ድንጋይ ነው፤ ያለ ባትሪ ምን ያደርግልሻል?" ብላ መለሰችላት። አስካለማርያም እንቢ ልትል ፈለገች፤ አልሆነላትም። በዚያ ቀን ሁሉን ያጣች ሴት እንዲህ ስትላት መከራከር ነውር መሰላት።

ቤት ስትደርስ የተላጠውን ቆዳ በአሮጌ ነጠላ ጥጥ ሸፍና ሰፋችው፤ ላብም እንዲመጥ ብላ ሌላኛውን ጎን እንዲሁ አለበሰችው። ማታ ሬዲዮኑ ላይ ሲሰኩት ግን ድምፁ በአንድ ወገን ብቻ ወጣ፤ በግራው። የሬዲዮኑ ቀዳዳ ለአንድ ጆሮ ብቻ የተሠራች ኖሯል። ጉግሳ ግራ ጆሮው ላይ የሚዘፍንለትን ነገር ምንም ሳይሰማ ተቀመጠ። አስካለማርያም ትክ ብላ አየችው፤ ከዚያ ማዳመጫውን አንስታ አዙራ ደፋችለት። ገመዱ አሁን በአገጩ ሥር ዞሮ ይወርዳል፤ የሚሰማው ጎን ግን ቀኙ ላይ ሆነ።

የጉግሳ ፊት ተለወጠ። ዓይኑ ፈጠጠ፤ እጁን አንስቶ ማዳመጫውን ጫን አደረገው።

አስካለማርያም ሮጣ በሩ ጋ ቆመች፤ ጭጭ ነው። መስኮቱ ጋ ሄደች፤ ምንም የለም። ተመልሳ ጉንጯን ከጉንጩ አስጠግታ አዳመጠች፤ ከትንፋሹ በቀር የሚሰማ ነገር የለም። ከደስታዋ ብዛት እጆቿን አፏ ላይ ጫነች።

"ይሰማል!" አለ ጉግሳ። አለ አይባልም፤ ጮኸ። ብረት ቤት ውስጥ ከመዶሻ በላይ ለመሰማት የሚጮኸውን ጩኸት ነው የጮኸው። "አስካለ! ይሰማል! የሬዲዮዋ ሴትዮ ስትተነፍስ ይሰማኛል! አሁን ምርኮኞቹን ሊያቀርቡ ነው! ምርኮኞቹን!"

ደጅ ሲጫወቱ የነበሩ ልጆች ዝም አሉ። ከግድግዳው ወዲያ የበለጠች ሬዲዮ ጠፋ። አስካለማርያም በጉግሳ አፍ ላይ እጇን ጭና ቆመች፤ እሱ ምን እንደሆነች አልገባውም፣ ዓይኑን ያርገበግባል። በሩ ተንኳኳ።

በለጠች ገባችና በሩን ከኋላዋ ዘጋች። ጉግሳን አየች፣ ማዳመጫውን አየች፣ ገመዱን ተከትላ ሬዲዮኑን አየች።

"እትዬ አስካለ" አለች። "እኔ ምን አድርጌያችሁ ነው?"

"በለጥዬ፣ በማርያም..."

"ስንት ሳምንት ሙሉ ጀምበር በጠለቀች ቁጥር ሬዲዮኔን እስከ ጫፍ ከፍቼ የምቀመጠው ማርሽ ወድጄ መሰለሽ? ራሴ ሊፈነዳ ነው እኮ! በመንገድ በኩል የሚያልፍ ሰው እንዳይሰማችሁ ብዬ ነው፤ እኔ ስከፍት እናንተም ትጨምራላችሁ፣ እናንተ ስትጨምሩ እኔም እጨምራለሁ። አሁን እፎይ ልል ነው ስል ደግሞ ጋሽ ጉግሳ ራሳቸው ሬዲዮ ሆኑ።"

አስካለማርያም አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። "ለምን አልነገርሽኝም?"

"አንቺስ ትነግሪኝ ነበር?" አለች በለጠች። ቀጥሎ የተናገረችው ቀስ ብላ ነው። "ዘገዬ ሲሄድ ባቡር ጣቢያ ድረስ ሻንጣውን የያዝኩለት እኔ ነኝ። ለእኔም ልጅ ነው።" ከዚያ ጉግሳን ጠቆመች። "አንቺ ስሚ። እሳቸው አይስሙ። እሳቸው የሰሙትን ሁላችንም ነው የምንሰማው።"

ጉግሳ ይህ በጽሑፍና በምልክት ሲነገረው ተናደደ፤ ሁለት ማታም አኮረፈ። ከዚያ ግን መጣና ማዳመጫውን በገዛ እጁ አንስቶ ሚስቱ ራስ ላይ አደረገላት፤ ፀጉሯን ከሥሩ አወጣላት።

ከዚያ በኋላ ማታው ሁሉ እንዲህ ሆነ። ሁሉም አልጋውን ደጅ ሲያወጣ አስካለማርያም ራሴን አሞኛል ብላ ቤት ትቀራለች፤ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ማዳመጫው ከሥሩ፣ ሬዲዮኑ ጭኗ ላይ። ጉግሳ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ፊቷን ያነባል። በለጠች ደግሞ በርጩማዋን በራቸው ላይ አድርጋ ኦቾሎኒ ትፈለፍላለች፣ ያገኘችውን ሁሉ ወሬ ትጠይቃለች፤ በሷ ላይ አልፎ የሚገባ ሰው የለም።

ልጆቹ ይናገራሉ። የጎጃም ልጅ፣ የአርሲ ልጅ፣ የወላይታ ልጅ። አንዳንዱ ያነባል፤ የጻፉለትን መሆኑ ያስታውቃል። አንዳንዱ ስሙን ተናግሮ ሲያበቃ ድምፁ ይሰበራል። አስካለማርያም ለሁሉም አለቀሰች። የእናታቸውን ስም ሲጠሩ እሷም ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትደግመዋለች፤ የሆነ ቦታ ያቺ እናት ሳትሰማ ቀርታ እንደሆነ ብላ። ሙቀቱ ከባድ ነበር፤ ያለበሰችው ጥጥ በላብ ሲርስ ታጥበዋለች፣ ሌላ ትሰፋለች። ትራሱ ግን ጆሮዋን አላቆሰላትም። ደክሟት ያወለቀችበት ማታ የለም።

ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ደቻቱ ሞልቶ ድልድዩ ላይ ሰው ተሰብስቦ በሚያይበት ሰሞን፣ አንድ ማታ አንድ ድምፅ ጉሮሮውን ጠረገ። ገና ጉሮሮውን ሲጠርግ አወቀችው።

"ዘገዬ ጉግሳ እባላለሁ። የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። አባቴና እናቴ፣ በሕይወት አለሁ። እግሬን ቆስዬ ነበር፣ አሁን ድኗል፣ እሄድበታለሁ..."

ጉግሳ ከተቀመጠበት ተነሳ። ፊቷን አይቶ ነው። ልጇ እየተናገረ ነው፤ አንድ ቃል እንዲያመልጣት አትፈልግም፤ ባሏ ደግሞ ፊት ለፊቷ ቆሟል። ማዳመጫውን ከራሷ ላይ አነሳችና አዙራ እሱ ራስ ላይ ደፋችው። በቀኙ በኩል።

ጉግሳ አዳመጠ። አልጮኸም። ሲያበቃ ቁጭ አለና አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

"ምን አለ?" አለችው በከንፈሯ።

"አንቺ መጀመሪያ ንገሪኝ" አላት፤ በሹክሹክታ። ይህ ሰው ከጡረታ ወዲህ ሹክ ብሎ ሲናገር ሰምታው አታውቅም።

በጆሮው ነገረችው። ስሙን፣ እግሩን፣ መዳኑን። እሱም የሰማውን ነገራት። "እናቴ ጾም እንዳታበዛ ንገሯት አለ። በለጠችን ሰላም በሉልኝ አለ። አባዬ መነጽርህን ቀይር፣ ያኔም አያሳይህም ነበር አለ።" ግማሽ ግማሹን ይዘው ነበር፤ ገጥመው አንድ አደረጉት። ደግመው ደጋግመው ገጠሙት።

በሩን ከፍታ በለጠችን በነጠላዋ ጫፍ ሳበቻት። ምንም አላለቻትም፤ በለጠች ግን በርጩማዋ ላይ እንደተቀመጠች ፊቷን በጉልበቷ መሐል ቀበረች። የግቢው ሰው ጥርሷን አሟት ነው አለ።

እልል የሚባልበት ጊዜ አልነበረም። አስካለማርያም ግን ዝም ብላ ማደር አቃታት። በማግሥቱ መጋላ ገበያ ሄዳ ሐልዋ የሚሉትን ጣፋጭ ገዛች፤ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ የሚጾመውም የማይጾመውም ይበላዋል። ለግቢው ሁሉ በእጇ እየቆረሰች አዞረች።

"ምን ተገኘ እትዬ አስካለ?" አሏት።

"ምንም። እንዲሁ አማረኝ።"

የቀረውን በወረቀት ጠቅልላ ታይዋን ወሰደች። የሃሊሞ ጠረጴዛ ላይ እንደገና ዕቃ መታየት ጀምሯል፤ ጥቂት ሰዓት፣ ጥቂት ሽቶ። ሃሊሞ ሐልዋውን አየችው፣ የአስካለማርያምን ፊት አየች፣ አልጠየቀችም። ቆርሳ አፏ ውስጥ አደረገች፤ ስታኝክ ዓይኗ ውኃ አቀረረ።

"የእኔ ገና ናት" አለች።

አስካለማርያም በርጩማ ስባ አጠገቧ ተቀመጠች፤ እስኪመሽ ድረስም እዚያው ዋለች፤ ለገዢ ሰዓት እያነሳች እየሰጠች። ከዚያ ወዲያም ቅዳሜ ቅዳሜ መሄዷን አልተወችም። የሃሊሞ እህት በሕይወት መኖሯ የተሰማው ዓመት ሊሞላ ሲል ነው፤ ከስደተኞቹ ጋር ሐርቲሼክ መጠለያ ደርሳ ነበር።

ዘገዬ የተመለሰው በ1983 ሐምሌ፣ መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ነው። ከሌሎች ወታደሮች ጋር በጭነት መኪና ተጭኖ ለገሃር አደባባይ ወረደ፤ ከስቷል፣ ትንሽ ያነክሳል፣ ጺሙ አድጓል። መጀመሪያ ያየችው በለጠች ነች። የዚያን ቀን ያሰማችው እልልታ ከግቢ ግቢ ተላልፎ ሰፈሩን አዳረሰ፤ አስካለማርያም ከጓዳ ባዶ እግሯን ወጣች።

ጉግሳ ግን ደጅ፣ ግድግዳው ጥግ ባለው አልጋው ላይ ከሰዓት በኋላ እንቅልፉን ተኝቶ ነበር፤ እልልታውን አልሰማም። ሰው ከብቦት፣ ሁሉም "ተዉት፣ ልጁ ይቀስቅሰው" ሲል፣ ዘገዬ መጥቶ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። የአልጋው ሽቦ ሲረግብ ጉግሳ ነቃ። ዓይኑን እንደጨፈነ እጁን ዘረጋና የተቀመጠውን ሰው ጉልበት፣ ክንድ፣ ፊት ዳሰሰ። ከዚያ ዓይኑን ሳይከፍት ወደ ግድግዳው ጠጋ አለና ለልጁ ቦታ ለቀቀለት።